ሰባቱ የድንበር ደብተሮች

በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ከተማችን የሚናገር መጽሐፍ እንደሌለ ያወቅሁት፣ እዚያ ከተቀጠርኩ በአሥራ አንደኛው ዓመቴ ነው። ይህን ስናገር አሁንም አፍራለሁ። መደርደሪያዎቹ ባዶ ቢሆኑ ኖሮ ቶሎ ይታወቀኝ ነበር፤ ግን ሙሉ ናቸው። ከባሕር ማዶ በእርዳታ በካርቶን የሚላኩልን ወፋፍራም መጻሕፍት አሉ፤ አንዱ በበረዶ ላይ መንሸራተት ያስተምራል፣ ሌላው የማናውቀው አገር የግብር ሕግ ነው። ማንም አያነባቸውም። ቦታ ግን ይይዛሉ፤ ቦታው ከተያዘ ደግሞ ሥራ የተሠራ ይመስላል።

ነገሩን ያነሳሳችው ከጎጃም ተመድባ የመጣች አንዲት የኅብረተሰብ ትምህርት መምህርት ናት። ቦንጋ ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነበር፤ ዝናባችንን አልለመደችውም፤ ጫማዋን ጭቃ ውጦት ገባች። ተማሪዎቿ ስለሚኖሩባት ከተማ እንዲጽፉ ልታዛቸው አስባ፣ ምን ማንበብ እንደሚችሉ ጠየቀችኝ። ተነስቼ ብፈልግ ያገኘሁት አንድ የበዓል መጽሔት ብቻ ነው። ከዳር እስከ ዳር ስለ ቡናና ስለ ነገሥታት ነው የሚያወራው። ገለጥ ገለጥ አደረገችውና፣ ጥሩ ነው፣ ግን ገበያው ለምን እዚህ ሆነ፣ ይኼ ሰፈር ስሙን ከየት አገኘ፣ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነው አለችኝ። እኔ የዚችው ከተማ ልጅ ነኝ። አንዱንም መመለስ አልቻልኩም።

በማግስቱ በእጄ ማስታወቂያ ጻፍኩ። አሮጌ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ የውል ወረቀት፣ ማንኛውም የቆየ ጽሑፍ ያለው ሰው እንዲያመጣ፣ ኮፒ አድርገን ዋናውን እንደምንመልስ ገለጽኩ። አንዱን በራችን ላይ፣ አንዱን ገበያው መግቢያ ላይ ለጠፍኩት፤ በአብያተ ክርስቲያናቱም እንዲነገር ለመንኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የመጣው አንድ ሰው ነው፤ እሱም የማይሠራ ሬዲዮ ይዞ። የገበያውን ማስታወቂያ ዝናብ ከግድግዳው አላቀቀው።

በአራተኛው ሳምንት ጥቁር ጃንጥላ የያዙ ረጅም ሽማግሌ ገቡ። ምንም ወረቀት አልያዙም። መጽሐፍም አልጠየቁኝ። በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ግማሽ ቀን እኔን ሲመለከቱ ዋሉ። ለምሳ ልዘጋ ስል ቀርበው፣ ማስታወቂያውን የጻፍሽው አንቺ ነሽ ወይ አሉኝ። አዎ አልኩ።

"የወሰድሽውን ትመልሻለሽ?"

"እመልሳለሁ፣ ጋሼ።"

"እንዲህ ብሎኝ የሄደ ሰው ነበር። ዘጠኝ ደብተር ነበረኝ፤ አሁን ሰባት ነው።"

ዕድሜ ልካቸውን በፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። ተከራካሪዎቹ በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ይናገራሉ፤ ከሌላ አገር ተሹሞ የመጣው ዳኛ አማርኛ ብቻ ነው የሚሰማው፤ በመካከል ቆመው የአንዱን ለሌላው የሚያደርሱት እሳቸው ነበሩ። ዳኛ አጭር ነገር ይወዳል። ተከራካሪው ስለ አንዲት ዛፍ፣ ማን እንደተከላት፣ ማን ቀፎ እንደሰቀለባት፣ ከሥሯ ያለው ምንጭ ስሙ ለምን እንደተለወጠ ሩብ ሰዓት ሲናገር ቆይቶ፣ በመዝገቡ ላይ የሚገባው "አንድ ትልቅ ዛፍ" የሚል ብቻ ነው። ይኼ ያንገበግባቸው ነበር። እናም ማታ ማታ ቤታቸው ሲገቡ ያስቀሩትን ሁሉ በደብተር ይጽፉ ነበር። "ፍርድ ቤት የጣልኩትን ቤቴ አነሳዋለሁ" አሉኝ።

ደብተሮቹ ከቤታቸው እንደማይወጡ ቁርጡን ነገሩኝ። ከፈለግሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ነይ፣ እኔ አነብባለሁ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ አሉ። ተስማማሁ።

ከመስከረም እስከ ሰኔ፣ በዓልና ለቅሶ ካልከለከለኝ በቀር፣ ቅዳሜ ቀርቼ አላውቅም። ቤታቸው ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ነው፤ ባጃጅ እስከ ግማሹ ድረስ ብቻ ነው የሚወጣው፣ ከዚያ በኋላ በእንሰቱ መሐል በእግር ነው። ባለቤታቸው ቆጮ በጎመን ያቀርቡልኛል፤ እሳቸው መነጽራቸውን ጠርገው ይጀምራሉ። ንባባቸው ዝግ ያለ ነው፤ ካፊኖኖውን እጽፍና ከጎኑ አማርኛውን አሰፍራለሁ። እየጻፍኩ ሳለሁ ነው የራሴ ካፊኖኖ ምን ያህል እንደሳሳ የገባኝ። የገበያ ቋንቋ ነው የቀረኝ፤ ስንት ነው፣ ጨምሪ፣ ደኅና ዋይ። ትምህርቴም ሥራዬም በአማርኛ ሆኖ፣ የእናቴ ቋንቋ እያየሁት አልቆብኛል። አንዳንዱን ቃል ሦስት ጊዜ ያስደግሙኛል። ሲናደዱ እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ።

ትልቁ ጠባችን በ"ኮቦ" የተነሳ ነበር። እኔ በአማርኛው በኩል "ደን" ብዬ አለፍኩት። አስቆሙኝ። ኮቦ ደን አይደለም፤ አንድ ቤተሰብ ከአያት ከቅድመ አያት ሲወርድ ሲዋረድ ቀፎ የሚሰቅልበት፣ ቡና የሚለቅምበት የጫካ ድርሻ ነው። አጥር የለውም። ወሰኑ የሚታወቀው በዛፍና በጅረት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሰው ቃል ነው። "ደን ብለሽ ከጻፍሽ የማንም ነው ማለት ነው" አሉኝ። ሰረዝኩና ኮቦ ብዬ ጻፍኩ። ደብተሮቹ ውስጥ ያለው አብዛኛው ክርክር የዚህ የኮቦ ነገር ነው። ግን በክርክሩ መሐል የከተማው ታሪክ በሙሉ አለ፤ ገበያው ከየት ወደየት እንደተዛወረ፣ ድልድዩ ሳይሠራ ሰው ወንዙን እንዴት ይሻገር እንደነበር፣ የትኛው ሰፈር በማን ጉድጓድ እንደተሰየመ። መምህርቷ የጠየቀችኝን ሁሉ እዚያ አገኘሁት።

ሲያልቅ በቤተ መጻሕፍቱ ብቸኛ ኮምፒውተር ላይ ተየብኩት፤ በግራ ገጽ ካፊኖኖው፣ በቀኝ ገጽ አማርኛው። ካፊኖኖውን እንደ እሳቸው በግዕዝ ፊደል ነው የጻፍኩት። መምህርቷ፣ ልጆቹ እኮ ካፊኖኖ የሚማሩት በላቲን ነው፣ ይኼን ማንበብ ይቸግራቸዋል አለችኝ። እውነቷን ነው። በኋላ እንመልስበታለን ተባብለን ተውነው።

አስጠርዤ መደርደሪያ ላይ ለማስቀመጥ የኃላፊው ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ኃላፊያችን በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ትሑት ሰው ነው። ስለ ቡና አለበት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አለበት አልኩ፤ ውሸት አይደለም። ሳይገልጠው ፈረመ። እኔ ደግሞ ማኅተም ይደረግበት አልኩ። የእኛ መጽሐፍ ሁሉ ማኅተም አለው፤ ያለ ማኅተም የቤተ መጻሕፍት ንብረት አይመስልም። ሽፋኑ ላይ ክብ ሰማያዊ ማኅተም አረፈበት። የፕሪንተሩ ቀለም ለአንድ ጥራዝ ብቻ ነበር የበቃው፤ ቀለም ሲመጣ ሌላ እናወጣለን ተባለ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ስድስት ሳምንታት በሥራ ዘመኔ ከማስታውሳቸው ሁሉ የሚበልጡ ናቸው። ጥራዙ አይወጣም፤ እዚያው ነው የሚነበበው። አንድ የባጃጅ ሾፌር ዝናብ ሊያሳልፍ ገብቶ የአያቱን ስም አገኘ፤ በማግስቱ አባቱን ይዞ መጣ። ማንበብ የማይችሉ ሴቶች ከገበያ ሲመለሱ ጎራ ብለው የሰፈራቸውን ገጽ አንብቢልን ይሉኝ ነበር። መምህርቷ ተማሪዎቿን በተራ በተራ አመጣቻቸው፤ በፊደል ያልቻሉትን እኔ አነበብኩላቸው። ጋሼ አንድ ቀን መጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠው ሰው ሲያነብ አዩ። ሲሄዱ ጃንጥላቸውን ረስተው ነበር።

ከዚያ ማንኪራ ከምትባለው የገጠር ቀበሌ አንድ ሰውዬ መጣ። ንጹሕ የለበሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ነው። አንድ ገጽ ብቻ ሲያነብ ዋለ። ሊወጣ ሲል፣ የእኔን አባት የሚጠቅስ ነውና ይኼን ገጽ ኮፒ አድርጊልኝ አለኝ። ደስ አለኝ እንጂ ለምን አላልኩም። ኮፒ አድርጌ፣ እንዳይረጥብ በፕላስቲክ አድርጌ ሰጠሁት።

በሳምንቱ አምስት ሰዎች ገቡ። ሦስት ወንዶች፣ ሁለት ሴቶች። ትልቁ ሰውዬ ጠረጴዛዬ ላይ ያንኑ ኮፒ አስቀመጠው። ከማንኪራው ሰውዬ ጋር በኮቦ ወሰን ይካሰሱ ኖሯል፤ ጉዳዩ በሽማግሌ ተይዞ ሊያልቅ ሲል ሰውዬው ወረቀቱን አወጣው። ቤተ መጻሕፍት ከመቼ ጀምሮ ነው የሚፈርደው አሉኝ። ፍርድ አይደለም፣ ድሮ በፍርድ ቤት የተነገረ ቃል ነው፤ ያ ገጽ የባላጋራችሁን አባት ቃል ይዟል፣ የእናንተ አባት ቃል ደግሞ ገጹን ሲገልጡት አለ ብዬ ጥራዙን ከፍቼ አሳየኋቸው። ትልቁ ሰውዬ አላየውም። ጣቱን ከሥሩ ባለው የሽፋኑ ኮፒ ላይ አሳረፈ። የሽፋኑንም ኮፒ አድርጌለት ነበር፤ ከየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ እንዲታወቅ ብዬ።

"ይኼ የመንግሥት ማኅተም ነው" አለ።

ያን ማኅተም ለምኜ ያስመታሁት እኔ ነኝ።

ከእኔ ዘንድ ወጥተው በቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ። ኃላፊው አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "እትዬ፣ ይኼ እኮ የጸጥታ ጉዳይ ነው" አለኝ፤ "ጥራዙንም ረቂቁንም ያምጡልኝ።" ያቺን አንዲት ጉዳይ ብቻ እናውጣት፣ ሌላው ምን አደረገ ብዬ ለመንኩት። ኮሚቴ እስኪያየው ድረስ ነው አለ። ጥራዙንና በእጄ የጻፍኳቸውን ሉኮች በሙሉ አምጥቼ ሰጠሁት፤ በቢሮው የብረት ካቢኔት ውስጥ አስገብቶ ቆለፈባቸው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው አለ ብዬ ተጽናናሁ። ወር ሳይሞላ ቫይረስ ገብቶበታል ተብሎ ባለሙያ መጥቶ ፎርማት አደረገው። ፍላሽ ላይ ያልገለበጥኩት ለምን እንደሆነ ለራሴም ማስረዳት አልችልም። ሁልጊዜ የሚኖር መስሎኝ ነው።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነበር። የተሰበሰበው አንድ ጊዜ ነው። ጉዳዩን የሚያውቅ ባለሙያ ይፈለግ ብሎ ቃለ ጉባኤ ያዘ። ባለሙያውማ ኮረብታው ላይ ተቀምጠዋል፣ ሰባቱም ደብተር ከእሳቸው ጋር ነው አልኳቸው። እሳቸው ባለጉዳይ ስለሆኑ አይሆንም ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ኮሚቴው አልተሰበሰበም።

ለጋሼ መንገር ነበረብኝ። ሁለት ቅዳሜ ፈርቼ ቀረሁ። በሦስተኛው ሄድኩና ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ስለ ኃላፊው፣ ስለ ካቢኔቱ፣ ስለ ኮሚቴው ሳወራ እሳቸውም እንደ እኔ የሚናደዱ መስሎኝ ነበር። እነዚያን ሁሉ አልፈው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። ለሰውዬው የሰጠሽው የሁለቱንም ቃል ነው ወይ አሉኝ። አይ፣ የጠየቀኝን ገጽ ብቻ ነው አልኩ።

ባለቤታቸው ሳህኑን አንስተው ወጡ።

"ያን ሁሉ ዘመን ችሎት ስቆም" አሉኝ በመጨረሻ፣ "የአንዱን ተርጉሜ የሌላውን ሳልተረጉም ቁጭ ያልኩበት ቀን የለም። አንድም ቀን።"

ለሚቀጥለው ቅዳሜ አትምጪ አላሉኝም፤ ነይም አላሉኝም። እንደዚያ ያለ ቁልቁለት ወርጄ አላውቅም። በኃላፊው ተናድጄ ነበር፣ በባለ ጉዳዮቹ ተናድጄ ነበር፣ በፎርማቱ ተናድጄ ነበር፤ ያን ሁሉ ንዴት ይዤ ከወጣሁ በኋላ ጥፋቱ ከእኔ ጋር ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ኮፒ ማድረጊያውን የተጫንኩት እኔ ነኝ። ገጹን ገልጬ ሁለተኛውን ለመጫን የሚፈጀው ጊዜ ምን ያህል ነው?

በመካከሉ ኃላፊው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። ርክክብ ሲደረግ የካቢኔቱ ቁልፍ ከሰነዶቹ ጋር አልተገኘም። ስልክ ስደውልለት፣ መሳቢያው ውስጥ ትቼዋለሁ ይላል፤ መሳቢያው ውስጥ ያለው ያለቀ እስክሪብቶና የስብሰባ ባጅ ብቻ ነው። አዲሷ ኃላፊ ጨዋ ሴት ናት። እንስበረው ብላት፣ የመንግሥት ንብረት ለመስበር ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ደግሞ ጉዳዩን የጀመረው ኮሚቴ ነው አለችኝ። ከኮሚቴው አባላት ሁለቱ ተዛውረዋል፣ አንዱ ጡረታ ወጥቷል። ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስቱም ደርሰዋል፤ የመዝገብ ቁጥር አላቸው። ቢሮው ሲታደስ ካቢኔቱን ወደ ኮሪደር አወጡት። አሁን በላዩ ላይ ፔርሙስና የፕላስቲክ አበባ አለ። ወደ መጸዳጃ ቤት በሄድኩ ቁጥር በአጠገቡ አልፋለሁ። የከተማዬ ታሪክ ከእኔ የሚርቀው በቆርቆሮ ውፍረት ነው፤ በእጄ ብነካው ይሰማኛል፣ ማንበብ ግን አልችልም። መምህርቷ አሁንም ተማሪዎቿን ታመጣለች። ያንኑ የበዓል መጽሔት ነው የምሰጣቸው።

በዓመቱ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል የጋሼ ባለቤት ገበያ ላይ አገኙኝና ለምን ጠፋሽ ብለው ወቀሱኝ። በዚያው ቅዳሜ ወጣሁ። ጋሼ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ስጠጋ ማን እንደሆንኩ አላወቁኝም። ድምፄን ሲሰሙ ነው ያወቁኝ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ጅማ ሄዶ መታከም ይቻላል ብለዋቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ከቡና ለቀማው በኋላ፣ ከልደት በኋላ እያሉ ያራዝማሉ።

ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጡኝ። ደብተሮቹን እንዳመጣ ሳጥኑን በእጃቸው አመለከቱኝ። "እኔ ከእንግዲህ አላነብም። አንቺ ታነቢያለሽ፣ እኔ እሰማለሁ።"

ከአንደኛው ደብተር ጀምረን እንደገና ገባንበት። አሁን ሥራው ከበፊቱ ይከብዳል። የእጅ ጽሑፋቸው ጥቃቅን ነው፤ አንዳንዱ ገጽ ላይ ጢስ ገብቶበታል፤ የማላውቀውን ቃል በስህተት ሳነብ እሳቸው ማየት ስለማይችሉ፣ ስህተቱ የእኔ ይሁን የደብተሩ ለማወቅ እንከራከራለን። ባለፈው በአንድ ቅዳሜ የምንጨርሰው አሁን ሦስት ቅዳሜ ይፈጃል። የጻፍኩትን በዚያው ቀን በስልኬ ፎቶ አነሳና ለመምህርቷ እልክላታለሁ። የእያንዳንዱን ክርክር የሁለቱን ወገን ቃል ደግሞ በአንድ ገጽ ላይ ነው ጎን ለጎን የማሰፍረው፤ ቦታ ካልበቃኝ ፊደሉን አሳንሳለሁ እንጂ ወደ ሌላ ገጽ አላሻግርም።

እሳቸው ሌላ ግዴታ ጨመሩብኝ። የማንኪራውን ጉዳይ ከመጻፌ በፊት ለሁለቱም ቤተሰብ በቃል መነበብ አለበት አሉ፤ እነሱ በሌሉበት አይጻፍም። ስለዚህ አንድ ማክሰኞ ፈቃድ ወስጄ ማንኪራ ወረድኩ። ለስላሳው ሰውዬ ቤቱ አስገባኝ፣ ማር አቀረበልኝ፣ ነገሩን ስነግረው ግን ወረቀቱ ያለኝ ይበቃኛል አለ። ያን ኮፒ አሁንም በፕላስቲኩ አስቀምጦታል። የቡና ለቀማው ሲያልቅ እመጣለሁ ብሎ ሸኘኝ።

እነዚያ አምስቱ ግን መጡ። ኮረብታውን ወጥተው በጋሼ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። እኔ አነበብኩ። የራሳቸውን አባት ቃል ብቻ ሳይሆን የባላጋራቸውንም፣ መጀመሪያ የአንዱን ከዚያ የሌላውን፣ እንደ ፍርድ ቤቱ ቅደም ተከተል። ማኅተሙን ያሳየኝ ሰውዬ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከሴቶቹ ትልቋ አንድ ቦታ ላይ አስቆመችኝ፤ የወሰኗ ዛፍ ስም እንደዚያ አይደለም፣ አባቴ በሌላ ስም ነበር የሚጠራት አለችና ስሟን ተናገረች። ጋሼ አሰላሰሉ። ያን ዕለት ችሎቱ ላይ የሰማሁት እንዳነበብሽው ነው አሉ፤ የእሷንም ግን ከጎኑ ጻፊው አሉኝ። ጻፍኩት።

ለቀማው አልቋል። ገበያው ላይ የዘንድሮ ቡና በጆንያ ተቆልሏል። ሰውዬው አልመጣም፤ ሁለት ጊዜ ላክሁበት፣ ሁለቱንም ጊዜ እሺ አለ። ጋሼ ያለ እሱ አይጻፍም ብለው ዘግተዋል፤ ስለዚህ ያቺን ጉዳይ ዘለን ሁለተኛውን ደብተር ጀምረናል። ለዓይናቸው ጅማ መሄድ አለባቸው፤ በዚህም እንጨቃጨቃለን። ባለፈው ቅዳሜ አንዱን ገጽ አራት ጊዜ አስደገሙኝ፤ በአራተኛው ጊዜ እኔ ነኝ እርሳሴን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ በመስኮት ያየሁት። ሲበርድልኝ ተመልሼ አነበብኩላቸው።